ፋብሪካው መኪናዎን ቢጠራ ማን ይነግርዎታል?

እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ላይ የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ለወኪል ጋራዦቹ አንድ ማስታወቂያ ላከ። አንዳንድ ደንበኞች መኪናው በጉዞ ላይ እያለ ሞተሩ ጠፋብን እያሉ ነውና፣ ከቁልፍ መያዣቸው ላይ ከባድ ከባዱን እንዲያወልቁ ምከሯቸው ይላል። ቅሬታ ይዞ ለመጣ ደንበኛ ደግሞ የቁልፉን ሰፊ ቀዳዳ የምታጠብ አንዲት ትንሽ ማስገቢያ ይሰጠዋል። ወረቀቱ የተጻፈው ለጋራዦች ነበር። በየቤቱ ደጃፍ መኪና ላቆሙት ባለቤቶች የተላከ ደብዳቤ አልነበረም።

ችግሩ ግን ከቁልፍ መያዣ በላይ ነበር። በሞተር ማስነሻው ውስጥ ቁልፉን ባለበት አጥብቃ መያዝ የነበረባት ክፍል ልል ነበረች። መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ወይም የአሽከርካሪው ጉልበት ቁልፉን ሲነካው፣ ቁልፉ በራሱ ይዞርና ሞተሩ ይጠፋል። ሞተሩ ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ይደነድናል። ከሁሉ የከፋው ግን ኤርባጉም ኃይል ስለሚያጣ በግጭት ጊዜ አለመከፈቱ ነው። በ2006 ኩባንያው ክፍሏን በጠንካራ ተካ፤ የመለዋወጫ ቁጥሯን ግን አልለወጠም። ስለዚህ አሮጌው ከአዲሱ የሚለይበት ምልክት በወረቀት ላይ ጠፋ፣ ምርመራውም ዓመታት ፈጀ።

ጥሪው የወጣው በ2014 ነው። ሼቭሮሌት ኮባልትንና ሳተርን አዮንን ጨምሮ በዓለም ዙሪያ 2.6 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ተጠሩ። ኩባንያው ራሱ ያቋቋመው የካሳ ፈንድ 124 ሰዎች በዚህ ጉድለት ምክንያት መሞታቸውን ተቀበለ። በ2015 ጄኔራል ሞተርስ ለአሜሪካ መንግሥት 900 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

በ2005ቱ ማስታወቂያና በ2014ቱ ጥሪ መካከል ስምንት ዓመት አልፏል። አምራች ለጋራዥ የሚጽፈውና ለባለቤት የሚጽፈው አንድ አይደለም። ለባለቤት የሚጻፈውም ቢሆን መኪናውን አሁን በእጁ ለያዘው ሰው መድረሱ እርግጠኛ አይደለም። መኪና ያለው ወይም ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁለቱንም ማወቅ አለበት።

ሦስት ዓይነት ወረቀት

የመጀመሪያው በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን «ሪኮል» የሚሉት ጥሪ ነው። በዚያ አገር የሕጉ መሠረት የተጣለው በ1966 ሲሆን፣ አስፈጻሚው ብሔራዊው የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ነው። አንድ አምራች መኪናው ለሕይወት የሚያሰጋ ጉድለት እንዳለበት ካወቀ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ለዚህ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ፣ ከዚያም በ60 ቀናት ውስጥ ለባለቤቶች መጻፍ አለበት። ጥገናው የመለዋወጫውም የእጅ ዋጋውም ነጻ ነው። ይህ የነጻ ጥገና ግዴታ መኪናው በአዲስነቱ ከተሸጠበት ቀን አንሥቶ ለ15 ዓመት ይጸናል። የፋብሪካው ዋስትና ማለቁ፣ መኪናው ብዙ መነዳቱ ወይም ከሦስት ሰው እጅ ማለፉ መብቱን አያስቀርም። ጥሪው ከመውጣቱ በፊት ያንኑ ጉድለት በራሱ ገንዘብ ያሠራ ባለቤትም ደረሰኙን አቅርቦ ወጪው እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል።

ጉድለቱ ግን የደኅንነት ጉድለት መሆን አለበት። መሪ የሚያላቅቅ፣ ነዳጅ የሚያፈስ፣ ፍሬን የሚያሳጣ ወይም እሳት የሚያስነሣ ነገር ለጥሪ ይበቃል። የቀለም መላጥ፣ የአየር ማቀዝቀዣ መድከም ወይም የራዲዮ መበላሸት አይበቃም።

ሁለተኛው ወረቀት አምራቹ ለመካኒኮች የሚልከው የቴክኒክ ማስታወቂያ ነው። ይህ ሞዴል እንዲህ ያለ ድምፅ ካሰማ እዚህ ፈትሹ፣ ይህን ክፍል በተሻሻለው ቀይሩ ይላል። ባለቤቱን አይጠራም፤ ዋስትናው ካለቀም ሂሳቡ በባለቤቱ ላይ ይወድቃል። ቢሆንም ለባለቤቱ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ጋራዡ «እንዲህ ያለ ነገር ሰምተን አናውቅም» ሲለው፣ አምራቹ ራሱ ችግሩን የሚያውቀው መሆኑን በጽሑፍ ያሳያል። በአሜሪካ አምራቾች የእነዚህን ማስታወቂያዎች ቅጂ ለደኅንነት መሥሪያ ቤቱ የማስገባት ግዴታ ስላለባቸው ማንም ሰው ሊያያቸው ይችላል።

ሦስተኛው የዋስትና ማራዘሚያ ነው። ለዚህ ባለ 2.4 ሊትር ሞተሩ ቶዮታ ካምሪ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ከ2007 እስከ 2009 በነበሩት ሞዴሎች ላይ ሞተሩ ዘይት ይበላል የሚል ቅሬታ በዛ። ቶዮታ በ2011 የዘይት ፍጆታው እንዴት እንደሚለካና ፒስተኖቹ ከነቀለበቶቻቸው እንዴት እንደሚቀየሩ የሚገልጽ የቴክኒክ ማስታወቂያ ለጋራዦች አወጣ። በኋላም ለዚሁ ችግር ብቻ ዋስትናውን መኪናው መነዳት ከጀመረበት ቀን አንሥቶ እስከ 10 ዓመት ወይም እስከ 150,000 ማይል አራዘመ። ዘይት መብላት የደኅንነት ጉድለት ስላልተባለ ሪኮል አልተጠራም። ስለ ማራዘሚያው የሰማ ባለቤት ሞተሩን በነጻ አሠራ፤ ሳይሰማ ጊዜው ያለፈበት ግን ዕድሉ አመለጠው።

በትራስ ውስጥ ያለ ፈንጂ

በመኪና ታሪክ ከወጡት ጥሪዎች ሁሉ ትልቁ የታካታ ኤርባግ ነው። ለኢትዮጵያ ባለመኪናም ከማንኛውም ጥሪ የበለጠ የሚቀርበው እርሱ ነው።

ኤርባግ በግጭት ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ እንዲነፋ፣ ከጀርባው በብረት ቆርቆሮ ውስጥ የታመቀ ኬሚካል ይቃጠላል። የጃፓኑ ታካታ ለዚህ ሥራ የተጠቀመው አሞኒየም ናይትሬት ነበር። ይህ ኬሚካል እርጥበት የሚስብ ሌላ ንጥረ ነገር አብሮት ካልተጨመረ፣ በዓመታት ሙቀትና ወበቅ ይፈረካከሳል። የተፈረካከሰው ኬሚካል ከሚገባው በላይ በፍጥነት ስለሚቃጠል ቆርቆሮው ራሱ ይፈነዳል፤ ሕይወት እንዲያድን የተሠራው ትራስም ስለት ብረት ወደ ሹፌሩ አንገትና ፊት ይወረውራል። ጉድለቱ በዳሽቦርድ ላይ መብራት አያበራም፣ ድምፅ አያሰማም። መካኒክ ከውጭ አይቶ አይለየውም። በዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ ፍሬኑና መብራቱ ቢለካም የኤርባጉ ውስጥ አይታይም።

ሆንዳ በ2008 የመጀመሪያውን ጥሪ ሲያወጣ የተጠሩት 4,000 ያህል መኪኖች ብቻ ነበሩ። ነገሩ እየሰፋ ሄዶ 19 አምራቾችን አዳረሰ፤ በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን፣ በዓለም ዙሪያ ደግሞ 100 ሚሊዮን ያህል የኤርባግ መንፊያዎች የሚቀየሩ ሆኑ። በአሜሪካ ቢያንስ 28 ሰዎች ሲሞቱ ከ400 በላይ ቆስለዋል። ታካታ በ2017 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ጥፋተኛነቱን አምኖ፣ በዚያው ዓመት ለኪሳራ አመለከተ።

ቶዮታ በግንቦት 2015 ከመጋቢት 2003 እስከ ኅዳር 2007 የተሠሩ 35 ሞዴሎችን፣ በድምሩ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን፣ በዚሁ ምክንያት ጠራ። ከሞዴሎቹ መካከል ኮሮላና ቪትዝ ይገኛሉ። አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው የእነዚህን ሁለት ስሞች ክብደት ይረዳል፤ ከጃፓን ወይም በዱባይ በኩል የገቡ ያገለገሉ ቪትዞችና ኮሮላዎች የከተማው የቤት መኪና የጀርባ አጥንት ናቸው። ከመካከላቸው ገና ከጃፓን ሳይወጡ ኤርባጋቸው የተቀየረላቸው አሉ። ጃፓን ከግንቦት 2018 ጀምሮ አደገኛው ኤርባግ ያልተቀየረላቸውን መኪኖች በምርመራ እንዳያልፉ ከልክላለች። ከዚያ በፊት ከአገሪቱ የወጡት ግን ይህ ክልከላ አላገኛቸውም።

ጊዜ ደግሞ አደጋውን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም። በጥር 2024 ቶዮታ በአሜሪካ ለ50,000 ያህል አሮጌ መኪኖች፣ ማለትም ለ2003 እና 2004 ኮሮላና ማትሪክስ፣ ለ2004 እና 2005 ራቭ4 ባለቤቶች፣ ኤርባጉ እስኪቀየር ጭራሽ አትንዱ የሚል ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። መኪኖቹ ሃያ ዓመት የሞላቸው ነበሩ፤ ጥገናው ግን አሁንም ነጻ ነበር።

በሻንሲ ቁጥር መፈለግ

ደብዳቤው የሚሄደው በተመዘገበ አድራሻ ነው። ጥሪው ግን የሚጸናው በሻንሲ ቁጥሩ ላይ ነው። መኪና ሲሸጥ፣ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ሲዘዋወር ወይም ባሕር ሲሻገር ሁለቱ ይለያያሉ፤ ደብዳቤው የቀድሞው ባለቤት ቤት ይቀራል፣ ያልተጠገነው ክፍል ከመኪናው ጋር ይጓዛል። በአሜሪካ እንኳ፣ አድራሻ በሚገባ በሚመዘገብበት አገር፣ ከተጠሩት መኪኖች ሩብ ያህሉ ሳይጠገኑ ይቀራሉ።

ስለዚህ ፍለጋው የባለቤቱ ነው። ሻንሲ ቁጥሩ በሊብሬው ላይ ተጽፏል፤ በመኪናው ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሹፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ግርጌ ወይም በበሩ መቃን ላይ ይገኛል። ለአሜሪካ፣ ለአውሮፓና ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የተሠራ መኪና ቁጥሩ 17 ፊደላትና አኃዞች አሉት። ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት በውስጡ አይገቡም፤ ስለዚህ ክብ ምልክት ያየ ሰው ዜሮ ብሎ ሊጽፈው ይገባል። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና ግን ከዚህ ያጠረ፣ በመካከሉ ጭረት ያለበት የራሱ ቁጥር ስላለው በአሜሪካው መፈለጊያ አይገኝም። እርሱን በአምራቹ የጃፓን ድረ ገጽ ላይ መፈለግ ይቻላል፤ ገጹ በጃፓንኛ ቢሆንም የስልክ መተርጎሚያ ይበቃዋል።

በአሜሪካ የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ቁጥሩ ሲገባለት ያልተፈጸመ ጥሪ ካለ ያሳያል። በሳዑዲ ዓረቢያ የንግድ ሚኒስቴር የራሱ የጥሪ ድረ ገጽ አለው። በብሪታንያ በሰሌዳ ቁጥር መፈለግ ይቻላል። በጀርመን ደግሞ የፌዴራሉ የተሽከርካሪ ባለሥልጣን ግዴታ የሆነውን ጥሪ ችላ ያለ ባለቤት መኪናውን እንዳይነዳ እስከማስደረግ ይደርሳል። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ባለቤት የመጀመሪያው ማንኳኳት ያለበት በር የአምራቹ ወኪል ነው፤ ለቶዮታ ለምሳሌ ሞኤንኮ። መኪናው በወኪሉ በኩል ባይገባም ሻንሲ ቁጥሩን ይዞ ጥሪ እንዳለበት፣ መለዋወጫውና ጥገናው በምን ሁኔታ እንደሚገኝ በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሻንሲ ቁጥሩ ንጹሕ መሆኑ ብቻ ግን ሁልጊዜ አይበቃም። በ2017 በላስ ቬጋስ አንዲት ወጣት የ2002 ሆንዳ አኮርድ ስትነዳ ተጋጭታ፣ ከኤርባጉ የወጣ ስብርባሪ አንገቷን ወጋት። ግጭቱ ለሕይወት የሚያሰጋ አልነበረም። ሲመረመር መኪናዋ ቀደም ሲል ተጋጭታ ከጥቅም ውጭ ከተባለች በኋላ ተጠግና የተሸጠች ነበረች፤ የተገጠመላት ኤርባግ ደግሞ ተጠርቶ ከነበረ ሌላ የ2001 አኮርድ የተፈታ ነበር። ያገለገለ መለዋወጫ ከሶማሌ ተራ አንሥቶ በየከተማው በሚሸጥበት አገር ይህ ታሪክ ቦታው ቅርብ ነው። በር፣ መብራት ወይም ኮፈን ያገለገለ ቢሆን የሚጎዳው መልክን ነው። ኤርባግ ግን ከየትኛው መኪና እንደተፈታ ሳይታወቅ መግጠም አይገባም።

ጥሪው ሲደርስ

ጥሪ ሁሉ እኩል አይቸኩልም። አንዳንዱ ቀጠሮ ይያዙ ብቻ ይላል። አንዳንዱ ከቤትና ከሌላ መኪና ርቀው ያቁሙ ይላል። ጥቂቱ ደግሞ ጭራሽ አይንዱ ብሎ ያዛል፤ በዚህ ጊዜ አምራቹ መኪናውን በራሱ ወጪ አስጎትቶ ሊወስድ ይችላል። ዋናው ነገር ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው፤ ጉድለቱ ምን እንደሆነ፣ ምን ምልክት እንደሚያሳይና መለዋወጫው እስኪመጣ ምን ማድረግ እንደሚገባ እዚያው ተጽፎ ይገኛል።

የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶችም ከዚህ አያመልጡም። የጄኔራል ሞተርስ ቦልት ባትሪ በሥሪት ጉድለት እየተቀጣጠለ ሲያስቸግር፣ እስከዚያ የተሠሩት ከ140,000 የሚበልጡ ቦልቶች በሙሉ በ2021 ተጠሩ። ባትሪው እስኪቀየር ድረስ ባለቤቶቹ ከ90 በመቶ በላይ እንዳይሞሉ፣ ቤት ውስጥ ሌሊቱን እየሞላ እንዳይተዉት ተነገራቸው። በመስከረም 2024 መጨረሻ ደግሞ ቢዋይዲ በቻይና ወደ 97,000 የሚጠጉ ዶልፊንና ዩዋን ፕላስ መኪኖችን ጠርቷል፤ ምክንያቱ የመሪ መቆጣጠሪያው ክፍል እሳት ሊያስነሣ መቻሉ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባትን ከከለከለች ወዲህ ለቻይና ገበያ የተሠሩ የኤሌክትሪክ መኪኖች መንገዱን እየሞሉት ነው። ለቻይና ገበያ የወጣ ጥሪም በዚያው መኪና ላይ ተከትሎ ይመጣል።

ጥገናው ሁልጊዜ ጋራዥ መሄድ አይጠይቅም። በታኅሣሥ 2023 ቴስላ 2 ሚሊዮን ያህል መኪኖቹን የጠራው በሶፍትዌር ለውጥ ሲሆን፣ ለውጡ መኪኖቹ በቆሙበት በኢንተርኔት ገባላቸው። ባለቤቱ ማረጋገጥ ያለበት ለውጡ በእርግጥ መጫኑን ነው።

የማይጠራ አምራች

መኪናቸው መጠራቱን የሰሙ ሰዎች አንዳንዴ ስሙ ጠፋ፣ ዋጋው ወደቀ ብለው ይደብቁታል። ታሪክ ግን የሚያሳየው ሌላ ነው። የጃፓኑ ሚትሱቢሺ ሞተርስ የደንበኞችን ቅሬታ ከመንግሥት ሲደብቅ ከሃያ ዓመት በላይ መቆየቱ በ2000 ተጋለጠ፤ ፕሬዚዳንቱም ከሥልጣን ለቀቁ። በ2002 ዮኮሃማ ውስጥ ከሚትሱቢሺ ከባድ መኪና የተፈናጠረ ጎማ አንዲት እናት ገደለ። በመዝገቡ ጥሪ ያልነበረው ኩባንያ ጉድለት አልነበረበትም ማለት አይደለም።

የባሕረ ሰላጤው አገሮችም በዚህ ታሪክ ውስጥ ስፍራ አላቸው። የፎርድ ኤክስፕሎረር መኪኖች የፋየርስቶን ጎማ በሙቀት እየተላጠ ሲገለብጣቸው፣ ፎርድ በ1999 በሳዑዲ ዓረቢያና በአካባቢው ጎማዎቹን ቀየረ፤ ለአሜሪካ መንግሥት ግን አላሳወቀም። በ2000 ፋየርስቶን በአሜሪካ 6.5 ሚሊዮን ጎማ ጠራ። ከጎማው ጋር የተያያዘው ሞት በመጨረሻ 271 ደረሰ። በዚያው በ2000 በወጣው ሕግ አምራቾች በውጭ አገር የሚያወጡትን ጥሪ ሳይቀር ለአሜሪካ ማሳወቅ ግዴታቸው ሆነ።

ምርመራዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከባለቤቶች አቤቱታ ነው። በአሜሪካ ማንኛውም ባለመኪና በደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ማስመዝገብ ይችላል፤ ተመሳሳይ ቅሬታ ሲጠራቀም ምርመራ ይከፈታል። በኢትዮጵያም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሻጭን «ይህ መኪና ያልተፈጸመ ጥሪ አለበት ወይ?» ብሎ መጠየቅ ከዚያ መብት ጋር የሚሄድ ጥያቄ ነው።

ሻጩ ግን ላይመልስ ይችላል። በአሜሪካ እንኳ አዲስ መኪና ጥሪው ሳይፈጸም መሸጥ ክልክል ሲሆን፣ ያገለገለ መኪና ነጋዴን የሚከለክል የፌዴራል ሕግ የለም። ስለዚህ ያገለገለ መኪና ሊገዙ ያሰቡ ሁሉ ለደላላው ቀብድ ከመስጠታቸው በፊት ሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ላይ ገልብጠው ይፈልጉት፤ የገዙም ቦሎ በሚያሳድሱ ቁጥር ፍለጋውን ይድገሙት፣ ዛሬ ጥሪ የሌለበት መኪና በመጪው ዓመት ሊጠራ ይችላልና።